የተሰነጠቀ የፋይበርግላስ ኮፈን፦ ስቱኮው ለምን ተመልሶ ተከፈተ?

ጥያቄው፦ «የምኖረው ደሴ ነው። የኮሮላዬ ኮፈን ከግጭት በኋላ በፋይበርግላስ ተቀይሯል። ከግራ ማጠፊያው አጠገብ ተነስቶ ወደ መሀል የሚሄድ 20 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ስንጥቅ አወጣ። ኮምቦልቻ ወስጄ ስቱኮ ሞልተው ቀቡልኝ፤ ሦስት ወር ሳይሞላው እዚያው መስመር ላይ ተከፈተ። አሁን ራሴ ጠግኜ ለቀለም ላደርሰው ነው። ከየት ልጀምር? ወይስ ልጣለው?»

አብሽር ወንድሜ፣ አይጣልም። 20 ሳንቲ ሜትር ስንጥቅ ለፋይበርግላስ የሚድን ጉዳት ነው። ግን ሌላ ቆርቆሮ ስቱኮ ከመግዛትህ በፊት የመጀመሪያው ለምን እንዳልያዘ ይግባህ፤ ሥራው በሙሉ የሚመነጨው ከዚያ ነው።

የፋይበርግላስ ጉልበት ያለው ክሩ ላይ ነው። ሬዚኑ ክሩን አያይዞ ቅርጽ ያስይዘዋል እንጂ ለብቻው ሲሆን እንደ ደረቅ ቂጣ ተሰባሪ ነው። ኮፈኑ ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ ማለት ክሩ ተበጥሷል ማለት ነው። ስቱኮ ደግሞ ሬዚንና የታልክ ዱቄት ነው፤ ክር የለውም። ጉድጓድ ይሞላል፣ ወለል ያስተካክላል፣ ሸክም ግን አይችልም። በደሴና በኮምቦልቻ መሀል ያለውን የሐረጎ ዳገት ስትወጣና ስትወርድ ሞተሩ ሲርገበገብ፣ መንገዱ ሲያንገጫግጭህ፣ የስንጥቁ ሁለት ከንፈሮች ከስቱኮው ስር ይንቀሳቀሳሉ፤ ስቱኮው ይከፈታል፣ ቀለሙም ይከተለዋል። የተበጠሰ ክር የሚተካው በክር ብቻ ነው፣ ያውም በዋናነት ከጀርባ በኩል።

ክሩን ከመተካትህ በፊት ግን ማን እንደበጠሰው ፈልግ። ከማጠፊያው አጠገብ የሚነሳ ስንጥቅ ብዙ ጊዜ በድንጋይ ምት የመጣ አይደለም። ማጠፊያው ዝጎ ከከበደ፣ ኮፈኑን ባነሳህ ቁጥር የሚታጠፈው ማጠፊያው ሳይሆን ፋይበሩ ነው። ብሎኖቹን ፈትተህ ማጠፊያውን ለብቻው በእጅህ አንቀሳቅሰው፤ በሁለት ጣት ካልሄደ ዘይት አጠጣው፣ ካልሆነም ቀይረው። መኪናህ ኮፈኑን በሞላ የሚያነሳ ከሆነ ያ ሞላ የተሠራው ለብረት ኮፈን ክብደት ነው፤ ቀላሉን ፋይበር ሁልጊዜ ወደ ላይ እየገፋ ማጠፊያው ጋ ያስጨንቀዋል። ቀጥሎ ፊት ለፊት ያሉትን ማረፊያ ጎሚኒዎች እይ። ለዚህ ሊጥ ይበቃሃል፦ ጣት የሚያህል ሊጥ በስስ ላስቲክ ጠቅልለህ ጎሚኒው ላይ አስቀምጥ፣ ኮፈኑን ዝጋ፣ ክፈት። ሊጡ እንደ ወረቀት ከሳሳ ኮፈኑ ጎሚኒው ላይ አርፏል። ወፍሮ ከቀረ ኮፈኑ አየር ላይ ተንጠልጥሎ በመቆለፊያውና በማጠፊያው ብቻ ተይዟል ማለት ነው፤ ጎሚኒውን ከፍ አድርግ ወይም መቆለፊያውን አስተካክል። አንድ ነገር ደግሞ ከልማድ ይመጣል፦ የብረት ኮፈን ከከፍታ ተለቆ «ጓ» ብሎ ይዘጋል። ፋይበርግላስ እንዲህ አይዘጋም፤ በእጅ አውርደህ፣ ልክ ከመቆለፊያው በላይ በሁለት መዳፍ ትጫነዋለህ።

አሁን ኮፈኑን አውርድና ምን ዓይነት እንደሆነ እወቅ። ጀርባው ሸካራ ሆኖ የተዘበራረቀ ክር በዓይን የሚታይ ከሆነ በእጅ የተሠራ የፖሊስተር ፋይበርግላስ ነው፤ ብዙዎቹ ተተኪ ኮፈኖች እንደዚህ ናቸው። ጀርባውም ፊቱም ለስላሳ፣ ወጥ ውፍረት ያለውና ግራጫ ወይም ጥቁር ከሆነ ግን በፋብሪካ በፕሬስ የተጨመቀ ሊሆን ይችላል። እሱ ላይ የፖሊስተር ሬዚን በደንብ አይጣበቅም፣ ኢፖክሲ የሚባለው ሌላ ዓይነት ሬዚን ያስፈልገዋል። ብርጭቆ ወረቀት ስታሳርፍበት ነጭ ዱቄት ሳይሆን የሚጠቀለል ፍቅፋቂ የሚሰጥህ ከሆነ ደግሞ ከነጭራሹ ፋይበርግላስ አይደለም፣ ፕላስቲክ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ለመጀመሪያው ዓይነት ነው።

ስንጥቁ ከሚታየው ይረዝማል። ሲመሽ የስልክህን መብራት ከጀርባ ይዘህ ከፊት ተመልከት፤ ቀለሙ ወፍራም ከሆነ መጀመሪያ አካባቢውን አንሳው። ጤነኛው ቦታ ብርሃን በእኩል ያሳልፋል፣ የተጎዳው እንደ ወተት ይነጣል። ከዚያ በሳንቲም እየኳኳህ ዙሪያውን ሂድ፦ ጥርት ያለ ድምፅ ጤነኛ ነው፣ የታፈነ ድምፅ ያለበት ቦታ ድርቦቹ ተለያይተዋል። ሁለቱንም ወሰን በእርሳስ ክበብ፤ የጥገናህ ስፋት ይኸው ነው። ላዩ ላይ ብቻ እንደ ሸረሪት ድር የተበተኑ ቀጫጭን መስመሮች ካገኘህ አትደንግጥ፤ ሁለቱን ጠርዝ ስትጫን ካልተንቀሳቀሱ የላይኛው ሽፋን ነው የተሰነጠቀው፣ እስኪጠፉ ፈግፍጎ በኢፖክሲ ፕራይመር መዝጋት ይበቃል።

ከመፈግፈግህ በፊት እጠብ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ሰም፣ የሞተር ዘይትና የሲሊኮን ቅባት በብርጭቆ ወረቀቱ ጭረት ውስጥ ገብቶ ይቀራል፤ በኋላ ቀለሙ እዚያ ቦታ ላይ እንደ ዓሣ ዓይን ክብ ክብ እየሠራ ይሸሻል። በሳሙናና በውሃ፣ ከዚያ ቀለም ቤት በሚሸጥ የቅባት ማጽጃ፣ በሁለት ጨርቅ፦ አንዱ የሚያርሰው፣ ሌላው ሳይደርቅ የሚያነሳው። ቤንዚን አትጠቀም፣ ራሱ ቅባት ይተዋል። የቀለም መላጫ ኬሚካልም እንዳይነካው፣ ቀለሙን ለይቶ አያውቅም፣ ሬዚኑንም ይበላል። አሮጌው ቀለምና ስቱኮ የሚነሳው በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ነው። ስቱኮውን ጥቂት እንኳ አታስቀር። ከዚያ ኮፈኑ ይድረቅ፤ የተከፈተ ስንጥቅ በክሩ በኩል ውሃ ይመጥጣል። ክረምት ላይ ከሆነ ቤት ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን አቁመው፣ በጋ ላይ አንድ ሙሉ ቀን ፀሐይ ይበቃዋል።

ቅርጹን የምታስይዘው አሁን ነው። ከፊት በኩል በስንጥቁ ላይ ቀጥ ያለና በማሸጊያ ፕላስተር የተጠቀለለ ጣውላ አጋድምና በሞርሳ አጥብቀው፤ ሬዚን ፕላስተሩ ላይ አይጣበቅም። ኮፈኑ እዚያ ጋ ጎበጥ ያለ ከሆነ ጣውላው ጎብጠቱን ይገድለዋል፣ የሚተጣጠፍ የፕላስቲክ ቁራጭ ተጠቀም። ከዚያ ኮፈኑን ለደቂቃ መኪናው ላይ መልሰህ ከፓራፋንጎው ጋር ያለውን ክፍተት ለካ። ጠማማ ሆኖ ከደረቀ በኋላ የሚያቃናው የለም።

ከጀርባ በኩል በ36 ወይም በ40 ቁጥር ዲስክ ስንጥቁን ዳር ዳሩን እያሳሳህ ብላው። ልኩ የውፍረቱ 12 እጥፍ ነው፦ ፋይበሩ 3 ሚሊ ሜትር ከሆነ ከስንጥቁ በግራም በቀኝም 36 ሚሊ ሜትር፣ 4 ሳንቲ ሜትር በለው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሰስታል፤ ስንጥቁን እንደ ቦይ አንድ ጣት ከፍቶ ይሞላዋል። ያ አዲሱን ክር የሚያያዝበት ወለል ያሳጣዋል። መሀል ላይ አልፈህ እንዳትበሳው፣ ከፊት በኩል አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ይቅር። የስንጥቁ ጫፍ የት እንዳለቀ የሚነግርህ የነጣው ክር ማለቂያ ነው፤ እዚያ ላይ በ3 ሚሊ ሜትር ድሪል ብሳ፣ ከዚያ እንዳይቀጥል። ከውስጥ የተለጠፈ ማጠናከሪያ አጥንት መንገድ ከዘጋብህ በቀጭን ዲስክ መስኮት ቆርጠህ አንሳውና መጨረሻ ላይ በሁለት ድርብ ማት (እንደ ምንጣፍ የተነጠፈ የመስታወት ክር) መልሰህ ስፋው።

ስለ አቧራው አንድ ቃል፦ የፋይበርግላስ ብናኝ ሳንባ ውስጥ የሚገባ መስታወት ነው። የጨርቅ ማስክ አያግደውም። የአቧራ ማጣሪያ ማስክ፣ መነጽር፣ ረጅም እጅጌና ጓንት አድርግ፤ ልጆች የሚጫወቱበት ግቢ ውስጥ አትፈግፍግ። ስትጨርስ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ተለቃለቅ እንጂ አትታሽ፣ ማሸት ክሩን ቆዳህ ውስጥ ያስገባዋል።

ማቱ በካሬ ሜትር 450 ግራም የሚባለው ይሁን፤ አንድ ድርብ ሲደርቅ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል፣ ስለዚህ ለ3 ሚሊ ሜትር ሦስት ድርብ። ላንተ ስንጥቅ 30 በ12፣ 28 በ9 እና 26 በ6 ሳንቲ ሜትር አዘጋጅ። ጠርዙን በመቀስ አትቁረጠው፣ በእጅህ ቅደደው፤ የተቀደደ ጠርዝ ሳስቶ ይዋሃዳል፣ የተቆረጠ ግን ደረጃ ይሠራል። ሦስቱ አንድ ላይ 35 ግራም ያህል ይመዝናሉ። ማት ከክብደቱ ሁለት እጥፍ ተኩል ሬዚን ይጠጣልና 100 ግራም ሬዚን ይበቃሃል። በዲጂታል ሚዛን መዝን እንጂ በዓይን አትገምት።

ሃርድነሩ (ሬዚኑን የሚያደርቀው ፈሳሽ) ላይ እንቆይ፣ ደሴ ላይ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ነውና። ለፖሊስተር ሬዚን የሚሆነው ሃርድነር ኤም ኢ ኬ ፒ የሚባለው ነው፤ መጠኑ ከ1 እስከ 2 በመቶ። ለ100 ግራም ሬዚን 2 ግራም ማለት ነው፣ ከፋርማሲ በሚገዛ ሲሪንጅ 2 ሚሊ ሊትር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው። ይህ ልክ የሚሠራው 20 ዲግሪ አካባቢ ባለ ሙቀት ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ከ10 ዲግሪ በታች ትወርዳለች። በዚያ ብርድ ሬዚኑ የደረቀ መስሎ ውስጡ ጥሬ ይቀራል። «አልደርቅ አለኝ» ብሎ ሃርድነር 4 እና 5 በመቶ ማድረስ ደግሞ ሬዚኑን ተሰባሪ ያደርገዋል እንጂ ብርዱን አያሸንፍም። መፍትሔው ሙቀት ነው፦ የሬዚኑን ዕቃ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት አቁመው፣ ኮፈኑን ፀሐይ ላይ አሙቀው፣ ሥራውን ከረፋዱ 4 ሰዓት ጀምረህ ቀኑ 8 ሰዓት ሳይሆን ጨርስ፣ ሌሊቱን ጤዛ ከማይደርስበት ቤት አሳድረው። ከሰል አንድደህ ክፍል አታሙቅ፤ የሬዚኑ ትነት እሳት ይይዛል፣ የከሰሉ ጭስም ይገድላል። ኮፈኑ አንዴ ከወረደ ቀላል ነውና የሚያሠራህ ሰው ካለህ ኮምቦልቻ ይዘኸው ውረድ፤ 600 ሜትር በላይ ዝቅ ብላ ስለምትገኝ ሙቀቷ ለሬዚን ይስማማል። እዚያ ደግሞ ችግሩ ተቃራኒ ነው፦ በግንቦትና በሰኔ ቀትር 2 በመቶ ካደረግህበት ማቱን ሳታርሰው ኩባያ ውስጥ ይረጋብሃል፣ ወደ 1 በመቶ ዝቅ አድርግ።

ሁለት የማይታለፉ ማስጠንቀቂያዎች አሉ። ኤም ኢ ኬ ፒ ዓይን ያጠፋል፤ ጠብታ ከገባ ወዲያው ቢያንስ 15 ደቂቃ በሚፈስ ውሃ ታጥቦ ሐኪም ቤት መሄድ ነው። ሁለተኛው፣ አንዳንድ ሬዚን ሐምራዊ የኮባልት ማፍጠኛ ለብቻው ይሸጥለታል። ኮባልቱና ሃርድነሩ በቀጥታ ከተገናኙ ይፈነዳሉ። ኮባልቱን መጀመሪያ ሬዚኑ ውስጥ አዋህደህ ጨርስ፣ ከዚያ ሃርድነሩን ጨምር፤ ሁለቱን በአንድ ሲሪንጅ አትለካ፣ ጎን ለጎንም አታስቀምጥ።

የተበላውን ወለል በአሴቶን በራሰ ጨርቅ አንዴ ጥረግና ይትነን። መጀመሪያ ወለሉን ሬዚን ቀባ፣ ከዚያ ትልቁን ማት አንጥፍ፣ መካከለኛውን፣ በመጨረሻ ትንሹን። ትልቁ መጀመሪያ የሚሆነው ከአሮጌው ፋይበር ጋር የሚገናኘው አንድ ያልተቋረጠ ክር እንዲሆን ነው። ብሩሹን እንደ ቀለም አትጎትተው፣ ክሩን ያበጣጥሰዋል፤ ቀጥ አድርገህ በጫፉ ውጋ ውጋ አድርገው። ማቱ ሲገባው ከነጭ ወደ ብርሃን አስተላላፊ ይለወጣል። ነጭ ሆኖ የቀረ ነጥብ ሁሉ የታሰረ አየር ነው፤ ፀሐይ ሲመታው አብጦ ቀለምህን ያነሳዋል። ከሦስት ወይም ከአራት ድርብ በላይ በአንድ ጊዜ አትደርብ፣ ሬዚኑ ሲደርቅ የሚያወጣው ሙቀት ኮፈኑን ያጣምመዋል። ኩባያው የፎም እንዳይሆን፣ ሬዚኑ ያቀልጠዋል።

ስንጥቁ ከማጠፊያ ስለተነሳ ብሎኖቹ የሚገቡበት ቦታ ብቻውን አይቅር። 1.5 ሚሊ ሜትር ላሜራ በማጠፊያው ልክ ቁረጥ፣ ለብሎኖቹ ከምትበሳው ሌላ ሬዚን እንዲነክሰው አምስት ስድስት ቀዳዳ ጨምርበት፣ ከሦስቱ ድርብ በላይ አስቀምጠህ በአንድ ድርብ ማት ሸፍነው፤ ለዚህ 50 ግራም ያህል ሬዚን ለብቻው በጥብጥ። ስትገጥም ሰፊ ሮንዴላ አድርግ። ብሎን ፋይበር ላይ በቀጥታ ሲጠብቅ ይሰረስረዋል፣ የሚቀጥለው ስንጥቅም ከዚያ ይጀምራል።

በማግስቱ ጣውላውን አንሳና ፊቱን ተመልከት። የስንጥቁ መስመር አሁንም ይታያል፣ ግን አይንቀሳቀስም። ከፊት በኩል እስከ አዲሱ ፋይበር ድረስ እያሳሳህ ክፈተው፤ እዚህ 2 ሳንቲ ሜትር በየጎኑ ይበቃል። ሁለት ስስ ድርብ ማት አስገባ፣ ከኮፈኑ ወለል ግማሽ ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሎ እንዲቀር አድርግ፣ ለስቱኮ ቦታ ይኑር። በማግስቱ ላዩ ቢያጣብቅ አይግረምህ፤ አየር የነካው ፖሊስተር እንዲህ ነው። በአሴቶን ጥረግና በ80 ፈግፍገው። ጥፍርህን ስትጫንበት ውስጡ ራሱ የሚሰረጉድ ከሆነ ግን ሃርድነሩ አንሷል ወይም በርዶበታል፤ በሙቀት ሁለት ቀን ቆይቶም ካልጠነከረ ፍቀህ ድገመው፣ ጥሬ ሬዚን ላይ የሚሠራ ሁሉ ይነሳል።

እዚህ ላይ ትዕግሥት ይጠየቃል። ፖሊስተር ሬዚን ከጠነከረ በኋላም ለቀናት መኮማተሩን ይቀጥላል። በማግስቱ ስቱኮና ቀለም ከደረብህ፣ ከወር በኋላ ኮፈኑ ፀሐይ ላይ ሲውል የማቱ ክር በቀለሙ ውስጥ ልክ እንደ ሸማ ጥለት ይታይሃል፤ በጥቁርና በጥቁር ሰማያዊ ቀለም ይብሳል፣ እነሱ የበለጠ ይሞቃሉና። አንድ ሳምንት ጠብቅ፣ ከዚያ ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን ሙሉ ፀሐይ ይምታው። መኮማተሩን ሁሉ ከስቱኮ በፊት ይጨርስ።

አሁን ስቱኮ ተራው ደረሰ፣ ያውም ከ2 ሚሊ ሜትር ላልበለጠ ውፍረት። ጥልቅ ቦታ ካለ መጀመሪያ ክር ያለበት ስቱኮ፣ ከዚያ ተራው። የስቱኮም ሃርድነር 2 በመቶ ነው፤ ቀዩ ሃርድነር ከበዛ በነጭና በብርማ ቀለም ውስጥ ዘልቆ ቢጫ እድፍ ያወጣል። ስትበጠብጥ በሰፊ ሳህን ላይ በስፓቱላ እያዳመጥህ አዋህድ፣ እንደ ሊጥ አትምታው፣ መምታት አየር ያስገባል፣ አየሩ ደግሞ በኋላ መርፌ የወጋው የሚመስል ቀዳዳ ይሆናል። በ80፣ በ120፣ በ180 በደረቁ፣ ረጅም ጣውላ ላይ በተጠቀለለ ወረቀት ፈግፍግ። በጣትህ ብቻ ከፈገፈግህ ማዕበል ይወጣል፤ ቀለም እስኪያብለጨልጭ አታየውም። ስቱኮን በውሃ አትፈግፍግ፣ ይመጥጣል።

ፋይበር አይዝግምና አንቲሩጂኒ አያስፈልገውም፤ አሲድ ያለው የብረት ፕራይመርም ለእሱ አይደለም። የሚያስፈልገው ኢፖክሲ ፕራይመር ነው፣ አንድ ወይም ሁለት ስስ እጅ፤ የተከፈተውን ክር ሁሉ ያሽጋል። በላዩ ሃርድነር ያለው ሰርፌሰር (ጭረት ሞልቶ ወለል የሚያስተካክል ወፍራም ፕራይመር) ሁለት ወይም ሦስት እጅ፣ በየመሀሉ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ፤ ቅልቅሉን ቆርቆሮው ላይ የተጻፈው ይወስን። በቲነር ብቻ የሚደርቀውን የናይትሮ ዓይነት አትግዛ፣ እየተኮማተረ የጭረቱን መስመር ያወጣል። ሃርድነር ያለው ሰርፌሰርና ቀለም ሲረጭ ብዙ ጊዜ ኢሶሳያኔት የሚባል ሳንባ የሚጎዳ ኬሚካል አለበት፤ ቢያንስ የካርቦን ማጣሪያ ያለው ማስክ ያስፈልጋል፣ አየር ያለበት ቦታም። ሰርፌሰሩ ከደረቀ በኋላ ጥቁር ቀለም ከሩቅ እንደ ጭጋግ አርከፍክፍበትና በ320 ፈግፍግ። ጥቁሩ የቀረበት ቦታ ጎድጓዳ ነው፣ ቶሎ የጠፋበት እብጠት። የመርፌ ቀዳዳዎቹን ፕራይመር ይሞላቸዋል ብለህ አትጠብቅ፣ ጠርዛቸውን ብቻ ቀብቶ ያልፋል፤ ስስ ስቱኮ በጣትህ ጫን እያልህ አስገባባቸው። ጠብታ አድርገህ የነካካኸው ቦታ ላይ እንደገና አንድ እጅ ሰርፌሰር፣ ከዚያ 500 በውሃ፣ ቀለሙ ብርማ ከሆነ እስከ 600።

ቀለም ቀቢው ጋ ከመውሰድህ በፊት ኮፈኑን በሰርፌሰሩ እንዳለ ግጠመውና ዝናብ በሌለበት አራት አምስት ቀን ንዳው፣ ኮምቦልቻ ወርደህ ውጣበት። ሰርፌሰር ውሃ ሲቆይበት ስለሚመጥጥ አታጥበው። ስትመለስ ጠዋት ላይ ፀሐይ በጎን ስትመታው የድሮውን መስመር በጥፍርህ ሂድበት። ጥፍርህ ካልያዘ በቅባት ማጽጃ ጠርገህ፣ በ600 አለስልሰህ ለቀለም ስጠው። ፀጉር የምታህል መስመር ካገኘህ ግን ቀለም አታስቀባ፤ ማጠፊያውንና ጎሚኒውን እንደገና በሊጡ ፈትሽ፣ አሁንም የሚጎትተው ነገር አለ።